በአንድ ዓመት ሁለት አሸናፊ?

በሕንድ ኮልካታ ከተማ ያለውን የባባኒፑር ምርጫ ክልል የውጤት ሰንጠረዥ ያየ ግራ ይጋባል። እ.ኤ.አ. 2021 ሁለቴ ተጽፏል፤ አሸናፊዎቹም ይለያያሉ። የጽሕፈት ስህተት አይደለም። ሁለተኛው የማሟያ ምርጫ ነው፤ ወንበር በመሃል ሲለቀቅ ለዚያ ቦታ ብቻ የሚደረግ።

ታሪኩ ይገርማል። ፖለቲከኛዋ ማማታ ባነርጂ የሚመሩት ፓርቲ ኮልካታ ያለችበትን የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ምክር ቤት ጠራርጎ ሲያሸንፍ፣ እሳቸው ራሳቸው ናንዲግራም በተባለ ሌላ ምርጫ ክልል በ1,956 ድምፅ ተሸነፉ። ያም ሆኖ የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር ሆኑ! ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባል ያልሆነን ሰው እስከ 6 ወር በሚኒስትርነት ያቆያል። እስከዚያ መቀመጫ ካላገኘ ይሰናበታል። ስለዚህ የባባኒፑሩ ተመራጭ፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰው፣ ወንበሩን ለቀቁላቸው። ማማታም በማሟያው ከ58 ሺህ በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ።

እ.ኤ.አ. በ2011ም እዚያው ባባኒፑር በማማታ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ያኔ ግን ተሸንፈው ሳይሆን፣ ጭራሽ ሳይወዳደሩ ነበር።