ስለ ባዮጋዝ ጭስ የሚባለውና እውነታው

«ባዮጋዝ ሲነድ የሚወጣው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው።»
በባዮጋዝ ውስጥ ዋናው ነዳጅ ለሆነው ለሚቴን፣ ንጹህ ከሆነ፣ ልክ ነው። ከእበት የሚገኘው ጋዝ ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አለበት፤ እሳትም ሰልፈርን አያጠፋውም፣ ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል እንጂ። የሃይድሮጂን ሰልፋይዱ መጠን 0.2 በመቶ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ሲነድ 5 ግራም ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ አስም ይቀሰቅሳል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ስለ ሰልፈሩ ምንም አይነግረንም።

«ሽታው ከጠፋ ጋዙ የለም።»
ሰው የሚገድለው ይኸኛው ነው። የሃይድሮጂን ሰልፋይድ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጠኑ ኢምንት ሆኖ ሳለ ይታወቃል፤ ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ከ500 ሲያልፍ ራስን ያስታል። እበቱ በሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ለጥገና ዘሎ አይግባ፤ የወደቀውን ለማውጣት የገባም አብሮ ይቀራል።

«ማጣሪያ ከገባ በቃ።»
የዛገ የብረት ፍቅፋቂ (ከቶርኖ ቤት የሚገኘው ሲዝግ ይሆናል) የሞላበት ቱቦ ሃይድሮጂን ሰልፋይዱን ይይዛል። ቡናማው ወደ ጥቁር ሲለወጥ ሥራውን ጨርሷል። አየር ሲያገኝ መልሶ ይታደሳል፤ ግን በዚያው ይግላል፣ ክምር ሆኖ ገለባ አጠገብ ከተደፋ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መጀመሪያ የጋዙን መስመር ዝጉ፣ ፍቅፋቂውን ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያ ውጭ ሲሚንቶ ላይ በስሱ አስጡት።

«የቆሻሻ መጣያ ጋዝም ያው ነው።»
አይደለም። ከሻምፑ፣ ከቅባትና ከሲሊኮን ዕቃዎች የሚመጣ ሲሎክሳን የሚባል ሲሊከን ያለበት ውህድ ይኖረዋል። ሞተር ውስጥ ሲነድ ነጭ የሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት) ዱቄት ይሆንና ካንዴላና ቫልቭ ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል፤ ዘይት ውስጥ ገብቶም ሲሊንደሩን ይፍቃል። የጭስ ማጽጃውን ካታሊስት ሲሸፍነው ካርቦን ሞኖክሳይድና ፎርማልዲሃይድ ሳይጸዱ ይወጣሉ። የብረት ፍቅፋቂ ሲሎክሳንን አይዝም፤ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀዳዳው እንዲበዛ የተዘጋጀ ከሰል) ያስፈልጋል፣ እሱም ጋዙ ቀድሞ ከእርጥበት ካልጸዳ ቶሎ ይሞላል።

«ረጲም የሚነደው ይህ ጋዝ ነው።»
በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአዲስ አበባው ጣቢያ የተሠራው ደረቅ ቆሻሻውን ራሱን እንዲያቃጥል ነው። የእሱ ጣጣ አመድ ነው፣ ሌላ ጉዳይ።

«እንግዲያውስ ሳይቃጠል ቢለቀቅ ይሻላል።»
በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። አጽድቶ ማንደድ ነው።