ጽዋው ሲዞር፦ መንፈሳዊ ልማድና የምሕረት ሥራ በጅማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ከደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ታካሚ ይቀበላል። ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ስንቁ ያለቀበት፣ አስታማሚ የሌለው አይጠፋም። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለው የማቴዎስ 25 ቃል እዚህ የዕለት ሥራ ነው።

አንድ ቀን ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ለማንም አይከብድም። ዓመት ከዓመት መመላለሱ ነው ጭንቁ። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ይህን የሚያስችል ትልቁ ልማድ፣ በእኔ እምነት፣ የጽዋ ማኅበር ነው።

ማኅበሩ በአንድ ቅዱስ ስም ይመሠረታል። በወር አንዴ ይሰበሰባል፤ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21። አባላት በየተራ ይደግሳሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ደጅ ያለው ነዳይም ይቀምሳል። ከዚያ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፤ ሸፍኖ ቤቱ ይወስደዋል። እስከ ወሩ ድረስ ጽዋው እሱ ጋ ነው። ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ሸክሙ ትከሻ ይቀያይራል። የቀረ አባል ሲኖር «ምን ነካው?» ይባላል። ታሞ ከሆነ ማኅበርተኛው ይጠይቀዋል።

ሁለተኛው ልማድ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ 7 የአዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ቁርስ ሲታለፍ፣ ሥጋና ቅቤ ሲቀር፣ ከቤት ወጪ የሚተርፍ አለ። እሱ የድሃው ድርሻ ነው። ኢሳይያስ 58 ግን ከዚህም ያልፋል፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት ነው ይላል። በቡና አገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። የለቃሚን ሒሳብ ይዞ መጾም ጾም አይደለም። የንስሐ አባትም የሠራተኛ ደመወዝ ያስቀረውን ሰው «መልስ» ይሉታል እንጂ በስግደት ብቻ አያልፉትም።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የቤት ለቤት ኅብረትና የጾም ጸሎት ፕሮግራም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ጸሎቱ ረጅም መሆን የለበትም። ታማሚ ጠያቂ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ከዚያ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በየአልጋው ያልፋል። ከማን ወገን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «በልተሃል ወይ?» ብሎ ነው።