አጥንት የተሰነቀረበት የሚመስለው ውሻ

«ውሻው አጥንት ተሰንቅሮበታል፤ አፉን ፈልቅቃችሁ አውጡለት።» ስለ ውሻ አፍና ጉሮሮ ከሚነገሩት ስሕተቶች ሁሉ ሰው የሚገድለው ይህኛው ነው። መንገጭላው የወረደ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው ውሻ በእርግጥ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። የእብድ ውሻ በሽታም የማኘኪያና የመዋጫ ጡንቻዎችን ሲያሽመደምድ ልክ እንዲህ ያደርገዋል። ማንቁርቱም ስለሚሰንፍ ጩኸቱ ይጎረናል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ቫይረሱ የሚገኘው ደግሞ በዚያው በሚዝረበረበው ለሃጭ ውስጥ ነው። እባካችሁ እጃችሁን አታስገቡ! ሰውም ሌላ እንስሳም በማይደርስበት ቦታ ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። እጁን ያስገባ ሰው ካለ፣ ጭረቱ ትንሽ ብትሆን እንኳ፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

«በጣቴ ዳስሼ አጥንቱን አግኝቼዋለሁ» የሚልም አለ። የውሻን ምላስና ማንቁርት አንጠልጥለው የሚይዙ ቀጫጭን አጥንቶች በተፈጥሮ አሉ። በጣቱ የነካቸው ሰው የዶሮ አጥንት ይመስሉታል።

«የውሻ ምራቅ ቁስል ያሽራል» የሚለውም ከዚሁ አይርቅም። በምራቁ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አለ፤ የታመመ ውሻ ክፍት ቁስል ቢልስ የእብድ ውሻ ቫይረስ በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል።

«የውሻ ጥርስ አይሰበርም» ብሎ የቅልጥም አጥንት መወርወር የተለመደ ነው። አዋቂ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት። ከላይና ከታች ያሉት ትልልቆቹ የጎን ጥርሶች እንደ መቀስ እየተላለፉ ሥጋ የሚቆርጡ ናቸው፤ ጠንካራ ሽፋናቸው ግን ከሰው ጥርስ ሽፋን ይሳሳል። ደረቅ አጥንት ሲቆረጠም የላይኛው ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ይመግላል፣ እብጠቱም ከዓይን በታች ይወጣል። ባለቤቱ የዓይን ሕመም ነው ብሎ ሲደክም ጥርሱ ይረሳል።

«ያረጀ ውሻ ድምፁ ቢጎረናና ሲተነፍስ ቢያጓራ እርጅና ነው» ይባላል፤ ግን በሽታ ሊሆን ይችላል። በተለይ በላብራዶር ዝርያ፣ የማንቁርቱን በር የሚከፍተው ነርቭ ሲደክም አየር ሲስብ በሩ አይከፈትም። እንዲህ ያለ ውሻ በሙቀት ሰዓት ከሮጠ ሊታፈን ይችላል። አንገቱን ከማሰር ደረቱን ማሰር ይሻለዋል፤ በቀዶ ሕክምናም መተንፈሻውን ማስፋት ይቻላል።