ፓይንውድ ደርቢ፦ ሞተር የሌላት የእንጨት መኪና

ፓይንውድ ደርቢ በአሜሪካ ኩብ ስካውት የሚባሉት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሠርተው የሚወዳደሩበት የትንንሽ የእንጨት መኪኖች እሽቅድምድም ነው። መኪናዋ ሞተርም፣ ባትሪም፣ መሪም የላትም። ከተዳፋት ላይ ትለቀቃለች፤ የቀረውን ስበት ይሠራዋል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ሦስት ሰከንድ ያህል ብትወስድ ነው። ለዚያች ሦስት ሰከንድ ግን አባትና ልጅ ጋራዥ ውስጥ ሳምንታት ሲከርሙ ይታያል።

ጀማሪው ዶን መርፊ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች በምትባል ከተማ የ280ሲ ስካውት ቡድን መሪ ነበር፤ እንጀራውን የሚበላው ደግሞ ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን በተባለው የአውሮፕላን አምራች ድርጅት ውስጥ እየሠራ ነው። በዚያ ዘመን ልጆች ራሳቸው ተቀምጠው ቁልቁል የሚወርዱበት ሶፕ ቦክስ ደርቢ ትልቅ ስም ነበረው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጣውላ ሥር ኩሽኔታ ገጥሞ አስፋልት ቁልቁል የወረደበትን ጊዜ ካስታወሰ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የመርፊ ልጅ ግን ገና አሥር ዓመቱ ስለነበር ለዚያ ውድድር አልደረሰም። አባት ታዲያ ልጁ የማይቀመጥባት፣ በመዳፍ የምትያዝ መኪና አሰበ። ወጪውን የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ቻለ፤ የመጀመሪያው ውድድርም ሜይ 15 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። መንገዱ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፤ የመድረሻው ምልክት መስጫ የተሠራው ከበር ደወል ነው። በዓመቱ ወሬው በስካውቶቹ መጽሔት ወጣና አገር አዳረሰ።

ዛሬም ልጁ የሚሰጠው ሣጥን ያኔ ከነበረው ብዙ አይርቅም፦ አንድ ቁራጭ እንጨት፣ አራት የፕላስቲክ ጎማና ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው አራት ሚስማር። እንጨቱ ፓይን ነው፤ የጥድ ዘመድ ቢሆንም ከእኛ አገር ጥድ በጣም የለሰለሰ፣ መጋዝ የማያስቸግር ነው። ርዝመቱ 7 ኢንች ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወርዱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል። መኪናዋ ተሠርታ ስታልቅ ከ5 አውንስ፣ ማለትም ከ142 ግራም መብለጥ የለባትም።

ጀማሪ ሁሉ የሚደክመው ቅርፁ ላይ ነው። አፍንጫዋን ያሾላል፣ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ እሳት ይስልባታል። ሹልነቱ አየርን ለመሰንጠቅ ትንሽ ይረዳል፤ ነገር ግን በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ለምትሄድ ዕቃ ትልቁ ጠላት ነፋስ ሳይሆን ጎማው ከሚስማሩ ጋር የሚያደርገው ሰበቃ ነው። ስለዚህ ውድድሩን የሚያሸንፈው ማንም የማያየው ሚስማር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሣጥኑ የወጣን ሚስማር በጥፍር ዳበስ ቢያደርጉት ከራሱ ሥር የፋብሪካ ሽርፍራፊ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የተቆነጠጠበት ሰንበር ይገኛል። ጎማው በዞረ ቁጥር ይህ ይፍቀዋል። ልምድ ያለው ሰው ሚስማሩን ድሪል አፍ ላይ ያስርና እያሽከረከረ መጀመሪያ ሽርፍራፊውን በሞረድ ያነሳል፤ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሰ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየቀየረ፣ ሚስማሩ እንደ መስታወት ፊት እስኪያሳይ ያሸዋል። መጨረሻ ላይ እንደ ደረቅ ቅባት የሚያገለግል የግራፋይት ዱቄት ይነሰነሳል። ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ አቧራ ይሰበስባል፣ መንገዱንም ያበላሻል። ግራፋይቱም ቢሆን ጣትንና የሳሎን ምንጣፍን ያጠቁራልና ቦታ መምረጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። ከባድና ቀላል ዕቃ እኩል ይወድቃሉ ተብለን ተምረን የለ? ታዲያ ሁሉም 5 አውንስ ላይ ለመድረስ ለምን ይሻማል? ምክንያቱም ከባዷ መኪና ይዛ የምትወርደው ጉልበት ብዙ ነው፤ አየሩ የሚበላባት ከዚያ ላይ ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው። ጎማዎቹን ለማሽከርከር የሚባክነውም እንደዚሁ። እንጨቱ በራሱ 5 አውንስ ስለማይሞላ ተቦርቡሮ ብረት ይጨመርበታል። ድሮ እርሳስ ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ አሁን ብዙዎች የሚመርጡት ተንግስተንን ነው። ተንግስተን በጣም ስለሚከብድ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ክብደት ይይዛል።

የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው። መነሻው ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ነው የምትቆመው፤ ኋላዋ ከፍ ይላል። ክብደቱ ወደ ኋላ ከሆነ ከፍ ካለ ቦታ ይወርዳል፤ ፊቷ ሜዳው ላይ ከደረሰ በኋላም ኋላዋ ገና ከቁልቁለቱ እየገፋት ነው። በተለምዶ ሚዛኗ ከኋላ ጎማ ዘንግ አንድ ኢንች ያህል ፊት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ ወደ ኋላ ካለፈ ፊቷ ይቀልና ትዋልላለች፤ አንዳንዴም ከመስመሯ ትወጣለች። ከፊት ጎማዎች አንዱን ትንሽ አንስቶ በሦስት ጎማ ብቻ ማስኬድም የታወቀ ዘዴ ነው፤ የማይዞር ጎማ ጉልበት አይበላም። አንዳንድ ቡድን ግን ይህን ይከለክላል።

በውድድሩ ዋዜማ ወይም ጧት መኪኖቹ ይመዘናሉ። ሚዛኑ 5.1 ካሳየ አባት ድሪሉን ያነሳል፣ ልጅ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከሆዷ ትንሽ እንጨት ይቦረቦራል፣ እንደገና ትመዘናለች። ካለፈች በኋላ እስክትሮጥ ድረስ ማንም አይነካትም። ብዙ ቦታ ፍትሐዊ እንዲሆን እያንዳንዷ መኪና በሁሉም መስመር ላይ ትሮጥና ሰዓቷ ተደምሮ ይታያል። ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ሰዓቱ የሰከንድን አንድ ሺኛ ይለያል።

ከ2018 ወዲህ ሴቶች ልጆችም የኩብ ስካውት አባል ሆነው ይወዳደራሉ። አዋና የተባለው የአብያተ ክርስቲያናት የልጆች ፕሮግራምም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ውድድር አለው።

ከውድድሩ ጋር አብሮ የኖረው ቅሬታ ግን አንድ ነው፦ መኪናዋን የሠራው ማን ነው? የስምንት ዓመት ልጅ በመጋዝ የቆረጣት መኪና ጠርዟ ያስታውቃል፤ ጎማዋም ትንሽ ዘመም ይላል። አጠገቧ የምትቆመው፣ አባትየው ኮምፒውተር ላይ ነድፎ በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ያስቆረጣት፣ እንኳን ልጁ አባቱ ራሱ እንዳትቧጨር የሚፈራት ናት። በዚህ የተሰላቹ ብዙ ቡድኖች መላ አግኝተዋል። የልጆቹ ውድድር ካለቀ በኋላ ለወላጆች የብቻቸው ሩጫ ይዘጋጃል፤ አባቶችም ያን ቀን ሁለተኛ ሣጥን ገዝተው ይመጣሉ።