ዌቨር ምንድን ነው? ምሕረት ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አሜሪካ ባለሥልጣናት ሲያወራ «ዋይት ሐውስ በምስጢር ምሕረት አደረገለት» ሲል ሰማሁ። ዌቨር ማለቱ ነው፤ ማለትም ባለሥልጣን በሥነ ምግባር ደንብ የታገደበትን ጉዳይ እንዲሠራ የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራዬ የሥነ ምግባር ሰነድ ማገላበጥ ስለሆነ አነጋገሩ ያንገበግበኛል።

ምሕረት የሚመጣው ካጠፉ በኋላ ነው። ዌቨር ግን ሥራው ሳይነካ በፊት የሚፈረም ፈቃድ ነው። ጾምን አስቡት። ሐኪም «መድኃኒቱን ከወተት ጋር ውሰድ» ያለው ሰው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ያስፈቅዳል። ከተፈቀደለት በኋላ ቢጠጣ ጾም ሻረ የሚለው የለም። ክትፎውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ የሚሄድ ሰው ግን የሚጠብቀው ንስሐ ነው። ደግሞ ወተት ተፈቀደ ማለት ሥጋም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ዌቨርም የሚሠራው በተጻፈበት ጉዳይና ልክ ብቻ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የጾሙ ፈቃድ በሰውየውና በአባ መካከል ይቀራል፤ ጎረቤት አያገባውም። የባለሥልጣኑ ግን ሕዝቡን ያገባዋል።

«ምስጢራዊ ዌቨር» የሚለውንም አልወደውም። ተንታኙ መንግሥትን የወቀሰ ይመስለዋል። እኔ ግን ሳያውቀው የረዳው ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ የታገደበትን ጉዳይ ሲሠራ ታየ እንበል፤ ወረቀት ግን አልወጣም። ወይ ወረቀቱ አለ፣ አልታየም። ወይ ጭራሽ የለም፣ ሰውየው እገዳውን ጥሷል። «ምስጢራዊ ዌቨር አለው» ካልን ሁለተኛውን ጥያቄ ራሳችን ዘጋነው። ወረቀቱ መኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ «ዌቨር ይኑረው አይኑረው አልታወቀም» ማለት ይሻላል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ዌቨር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የገንዘብ ጥቅምን የሚመለከተው የወንጀል ሕግ የራሱ ዌቨር አለው፤ እሱን ማንም ሰው ጠይቆ ማየት እንዲችል ሕጉ ያዛል። በፕሬዚዳንቱ የሥነ ምግባር ትእዛዝ ይሰጥ የነበረው ሌላ ነው። ጭቅጭቁ የነበረው እሱ ላይ ነው።

የኦባማ እ.ኤ.አ. የ2009 የሥነ ምግባር ትእዛዝ ስለ ዌቨሮቹ በየዓመቱ ለሕዝብ ሪፖርት እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ትራምፕ በጃንዋሪ 2017 የፈረሙት ትእዛዝ ያንን አስቀረው። በኤፕሪል የመንግሥት ሥነ ምግባር ቢሮ ኃላፊ የነበረው ዋልተር ሾብ «የሰጣችሁትን ዌቨር ሁሉ ቅጂ ላኩልኝ» ብሎ ጠየቀ። የዋይት ሐውስ የበጀት ኃላፊ ሚክ ሙልቬኒ ጥያቄው እንዲቆም ደብዳቤ ጻፉለት። ሾብ እንቢ አለ። በሜይ መጨረሻ ዋይት ሐውስ የራሱን ዌቨሮች አወጣ።

ወረቀቶቹ ሲታዩ ምስጢር ከመባል የባሰ ነገር ተገኘ። አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውንም ጊዜ እንዲሸፍን ተደርጎ ተጽፏል። ሾብ ወደ ኋላ የሚሠራ ዌቨር የሚባል ነገር የለም አለ። እውነቱን ነው፤ ክትፎው ተበልቷል። የትራምፕ ትእዛዝ ራሱ ዌቨር የሚጸናው ከተፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ነው ይል ነበር። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ቀንም ፊርማም አልነበረም። እንዲህ ያለው ወረቀት ይፋ ወጥቶም ፈቃዱ ከሥራው በፊት ይሁን በኋላ የተሰጠው፣ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም።