ነፃ የዲኤንኤስ ሰርቨር መምረጥ ምን ይለውጣል?

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ኮምፒውተሮች ወደሚጠቀሙበት የአይፒ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ስለሆነ፣ ሰርቨሩን መለወጥ ገጹ መከፈት እስኪጀምር ያለውን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል እንጂ የመስመሩን አቅም አይጨምርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የጉግል 8.8.8.8 እና የክላውድፍሌር 1.1.1.1 በነፃ የሚሰጡ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች አድራሻዎች ሲሆኑ፣ የትኛው እንደሚፈጥን በአብዛኛው የሚወሰነው ሰርቨሩ ለተጠቃሚው ባለው ቅርበት በመሆኑ በራስ መስመር ላይ መለካት ያስፈልጋል። ኳድ ናይን 9.9.9.9 በአደገኛነታቸው የታወቁ ድረ ገጾችን ስለሚያግድ፣ ደህንነት ለሚያሳስበው ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው። ይሁን እንጂ ሰርቨር መቀየር ብቻውን የትኛው ድረ ገጽ እንደተፈለገ የሚያሳዩትን የዲኤንኤስ ጥያቄዎች ከኢንተርኔት አቅራቢው እይታ አይሰውርም፤ ለዚህ በስልኩ ወይም በብሮውዘሩ ቅንብር ውስጥ የተመሰጠረ ዲኤንኤስን ማብራት የግድ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የተመረጠው አገልግሎት ሰጪ ራሱ ጥያቄዎቹን ማየቱ ስለማይቀር፣ መረጃውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጥ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።