ባክቴሪዮፋጅ ምንድን ነው? ጥጃና ዶሮ የሚያክመው ቫይረስ

ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ «ነገረ ፈጅ» ነው። ግጥጥሞሽ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ «ፋጅ» መብላት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ትርጉሙ ግን ከእኛው «ፈጀ» ብዙም አይርቅም። ባክቴሪያ ፈጅ ብንለው ያስኬዳል።

ፋጅ ቫይረስ ነው። አይደንግጡ፤ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ብቻ ነው፤ የላሟንም የሰውንም ሕዋስ አይወርም። ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና የራሱን ዘረመል ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ባክቴሪያው ሳይወድ በግዱ ፋጅ ማምረት ይጀምራል። በመጨረሻ ይፈነዳል፤ ከውስጡ የወጡት አዳዲስ ፋጆች ቀጣዩን ፍለጋ ይሄዳሉ። አንቲባዮቲክ ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ በሰውነት ውስጥ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ፋጅ ግን የሚበላው እስካለ ድረስ ይባዛል፤ ሲያልቅበት ይመናመናል።

አዲስ ግኝት እንዳይመስልዎት። ስሙን ያወጣለት ተመራማሪው ፌሊክስ ዴሬል ነው፣ በ1917 ፓሪስ ውስጥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1919 ደግሞ ከዶሮ ኩስ ፋጅ ለይቶ በፈረንሳይ ገጠር የዶሮ ታይፎይድን ለማከም ተጠቀመበት። ቀጥሎ ወደ ኢንዶቻይና ሄዶ፣ የእኛ አርቢዎች ጎሮርሳ በሚሉት በሽታ ላይ በጎሾች ሞከረ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ ምዕራባውያን ፋጅን እርግፍ አድርገው ተዉት። በጆርጂያዋ ትብሊሲ፣ ጊዮርጊ ኤልያቫ በ1923 ባቋቋመው ተቋም ግን ሥራው ቀጠለ።

እኔን በጣም የገረመኝ የእንግሊዞቹ ተመራማሪዎች የዊሊያምስ ስሚዝና የሀጊንስ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ ጥጆችን፣ የአሳማ ግልገሎችንና የበግ ግልገሎችን ተቅማጥ በሚያመጣ ኢ. ኮላይ በሚባል የአንጀት ባክቴሪያ አስያዟቸውና በፋጅ አከሟቸው። ዳኑ። በ1987 ያወጡት ውጤት ደግሞ ይብሳል። ክፉኛ የሚያስቀምጠውን ጥጃ ለማዳን 100,000 ያህል ፋጅ ያለበት አንድ መጠን በቃ። ብዙ ይመስላል፤ በፋጅ ዓለም ግን ጠብታ ውስጥ የሚያልቅ ነው። በሽታውን አስቀድሞ ለመከላከልማ 100 ፋጅም በቅቷል። ፋጁን በውሃ በጥብጦ ጉዝጓዙ ላይ መርጨትም ሠርቷል። ሌላው ቀርቶ፣ በፋጅ የታከሙ ጥጆች የነበሩበትን ክፍል ሳያጸዱ ሌሎች ጥጆችን ማስገባት ብቻውን በሽታውን ተከላክሏል! የታከሙት ጥጆች ከእበታቸው ጋር መድኃኒቱን ትተውላቸው ሄደዋል ማለት ነው። (በረት መጥረግ የሚሰለቸው ልጅ ይህን እንዳያነብ።)

ታዲያ ለምን በየመድኃኒት ቤቱ የለም? ዋናው ምክንያት መራጭነቱ ነው። አንድ ፋጅ ሁሉንም ባክቴሪያ አይበላም፤ ከኢ. ኮላይ እንኳ አንዱን ዝርያ ፈጅቶ ሌላውን ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይህ ለከብቱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የአንጀቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አይነኩም። ለሐኪሙ ግን ራስ ምታት ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ፋጆች ተቀላቅለው የሚሰጡት። ቅልቅሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባክቴሪያው አንዱን ፋጅ ቢለምደው ሌላው ያገኘዋል። ደግሞ ሁሉም ፋጅ ለሕክምና አይሆንም። ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ዘረመሉ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መርዝ የማምረት ችሎታ ያሸክሙታል። እነዚህ አስቀድመው ተለይተው መውጣት አለባቸው።

ቦታውም ይወስናል። በላም የጡት በሽታ ላይ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በአንቲባዮቲክ የታከመች ላም ወተት ለቀናት ስለሚደፋ ገበሬው ሌላ አማራጭ ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። በ2006 የወጣ ሙከራ ግን አንገት ያስደፋል። በፋጅ ከታከሙት 18 የጡት ክፍሎች የዳኑት 3 ብቻ ናቸው። የወተቱ ፕሮቲን ባክቴሪያውን ስለሚሸፍነው ፋጁ የሚለጠፍበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ እኔን ከጠየቁኝ፣ ፋጅ ከጡት ይልቅ ለአንጀትና ለጉዝጓዝ ይሻላል።

እና አንድ ቀን ገበያ ላይ «የከብት ፋጅ ነው» ብሎ ጠርሙስ የሚያሳይዎ ሰው ቢመጣ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት የየትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ይጠይቁት። «ለሁሉም ነው፣ ለፈንግልም ይሆናል» ካለዎት ጥለውት ይሂዱ፤ ፈንግል ራሱ ቫይረስ ነው።